ድምፅሽን ከዘፈኑ አወጣሁት

ወልቂጤ፣ ኅዳር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.

ይድረስ ቡታጅራ ላለሽው እህቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰነበትሽ? እናትሽ እንዴት ናቸው? ወገባቸውን ተሻላቸው ወይ? አባትሽስ አሁንም ከዐስር ሶላት በኋላ በር ላይ ወንበር አውጥተው አላፊ አግዳሚውን ያጫውታሉ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጤና አላጣሁም፣ ያጣሁት ሰው ነው። «እህቴ» ማለቴ ግር እንዳይልሽ። ሠርግሽ ጥር ላይ መሆኑን ጓደኛሽ ሳሌሃ ነግራኛለች። ከእንግዲህ በሌላ ስም ልጠራሽ አይገባኝም፤ ደብዳቤው በሌላ ሰው እጅ ቢገባም ይሄ ይሻላል። ስልክ ያልደወልኩትም ለዚሁ ነው።

የላክሽብኝን መልእክት ሳሌሃ አንድም ሳታስቀር አድርሳልኛለች። የእጮኛሽ ወንድም መኪና ውስጥ ያን የኔን ዘፈን ከፍቶ፣ ይቺ «ቆይ» የምትለዋ ልጅ ድምፅዋ የኛን ሙሽራ አይመስልም ወይ ብሎ መሳቁን፣ እጮኛሽ ግን አለመሳቁን ነገረችኝ። ድምፄን ከዚያ ውስጥ ያውጣልኝ፣ ሌላ ምንም አልጠይቀውም ማለትሽንም።

እውነቱን ልንገርሽና መጀመሪያ ተናደድኩ። አንድ ቃል ሳትነግረኝ ጥላኝ ሄዳ፣ ከስምንት ወር በኋላ የምትልክብኝ ይሄን ነው? አልኩ። ከመጋቢት ጀምሮ በሆዴ የያዝኩብሽ ቂም ይኸው ነበር። ስልክ እጠግንበት በነበረው በጀማሉ ሱቅ ጓዳ ውስጥ አብረን ዋልን፤ በማግስቱ ቀረሽ፤ ብደውል አላነሳሽም፤ በሳምንቱ የሷ ነገር ለሌላ ሰው አልቋል አሉኝ። ይህንኑ ላገኘሁት ሰው ሁሉ እያወራሁ ነው ቡታጅራን ለቅቄ የወጣሁት።

እዚህ ከጋሽ ወልደማርያም ወፍጮ ቤት ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። ሞባይል እጠግናለሁ፤ በተረፈኝ ሰዓት፣ መብራት ካለ፣ ኮምፒውተሬ ላይ ያንኑ የምታውቂውን ሙዚቃዬን እሠራለሁ። ዘፋኝ የሌለው ዘፈን አሁንም ለብዙ ሰው አይገባውም። ጋሽ ወልደማርያም አንድ ቀን በሬ ላይ ቆመው ሩብ ሰዓት ያህል አዳመጡና፣ ዘፈኑ የሚጀምረው መቼ ነው ብለው ጠየቁኝ። ምቱ የራሳቸው ወፍጮ መሆኑን አላወቁም። ሞተሩ ሲነሳ ቀድቼ፣ አፍጥኜ፣ ከሥሩ ወፍራም ከበሮ አስገብቼበት ነው። ጭብጨባውን ቸሃ ሠርግ ሄጄ ነው ያመጣሁት። ኪቦርድ አላስገባም፤ የሠርግ ሙዚቃ ይሆንብኛል። ሬዲዮ አይወስደውም፣ አሳታሚም አይነካውም። የሚኖረው ባጃጅና ሚኒባስ ውስጥ ነው፤ እሁድ ከሰዓት ደግሞ ተማሪዎች ጉብሬ ላይ በሚከራዩት ባዶ መጋዘን ውስጥ።

ስሜን አልጻፍኩበትም። መጀመሪያ አባቴን ፈርቼ ነበር፣ ኋላ ልማድ ሆነ። አንድ የባጃጅ ሹፌር የዚህ ሙዚቃ ሠሪ ዱባይ የሚኖር ሐበሻ ነው ብሎ ምሎ ነገረኝ። እኔም ከኋላው ተቀምጬ፣ ማሻአላህ ጎበዝ ነው አልኩት።

አረፋን እዚሁ ዋልኩ። ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ለቡታጅራ ልጅ አላብራራም። ሰዉ ሁሉ ከያለበት ወደ ወላጆቹ ሲጎርፍ፣ እኔ ከትናንት የተረፈ ዳቦ በሻይ በልቼ ተኛሁ። በመንገዱ የሚያልፈው መኪና ሁሉ ያንቺን «ቆይ» እያሰማ ያልፋል። ብቸኝነት እንዲህ እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር፤ የራሴን ዘፈን ሰምቼ ከሚጨፍሩት ጋር ልሂድ አልኩና የት እንደምሄድ ጠፋኝ።

እንግዲህ ወዳዘዝሽኝ ልመለስ። ንዴቱ ሲበርድልኝ ቁጭ ብዬ ድምፅሽን አወጣሁት። በቦታው ሌላ ሴት ላስገባ ሞክሬ ነበር፣ እምቢ አለኝ፤ ባዶውን ተውኩት። ከዚያ ሜሞሪ ላይ ዘፈን የሚጭኑትን ሱቆች አንድ በአንድ ዞርኩ፣ ወልቂጤ፣ ጉብሬ፣ እምድብር፣ መጨረሻ ቡታጅራ። አዲሱ ይሄ ነው፣ ያኛው ተበላሽቶ የወጣ ነው እያልኩ አሮጌውን አስጠፋሁ። በእናንተ ሰፈር በኩል አላለፍኩም፣ እናቴንም ሳላይ ነው የተመለስኩት። በየሰዉ ስልክ ላይ ያለውን ማጥፋት አልችልም፣ አልዋሽሽም። ግን የሰው ሜሞሪ ጠባብ ነው፤ አዲስ ሲመጣ አሮጌውን ራሱ እያጠፋ ይጭናል።

ባለፈው እሁድ ጉብሬ ላይ አዲሱን አጫወትኩት። ባዶው ቦታ ሲደርስ ተማሪው ሁሉ እጁን ወደ ላይ አንስቶ በአንድ አፍ «ቆይ!» አለ። ባዶው በመጣ ቁጥር ይጮሃሉ። በስልካቸው ቀድተውት በሁለት ቀን ውስጥ አገሩን ያዳረሰው ያ ነው። ከእንግዲህ የእጮኛሽ ወንድም ቢከፍተው የሚሰማው የመቶ ልጅ ጩኸት ነው፤ ከዚያ ውስጥ አንቺን ለይቶ የሚያወጣ የለም። በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባሽ። እኔ ግን ደስ ሊለኝ ሲገባ ከስፒከሩ ጀርባ ቆሜ አለቀስኩ።

ያስጻፈኝ ግን ይሄ ብቻ ቢሆን ለሳሌሃ ነግሬያት ይበቃ ነበር። ድምፄን ያውጣልኝ ካልሽ ከሥሩ ላጥፋው ብዬ፣ መጀመሪያ የቀዳሁባትን ሜሞሪ ትናንት ጠዋት ፈልጌ አገኘኋት። ያን ቀን አዲስ ማይክ ገዝቼ፣ ሄድፎን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ የፈለግሽውን ተናገሪ ብዬሽ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ዓይኔ ኮምፒውተሩ ላይ ነበር፣ ድምፅሽ ከፍ ዝቅ የሚልባት መስመር ላይ። ድምፅሽን ሰማሁ፣ ነገርሽን አልሰማሁም። እዚያው አንዲቷን ቃል ቆርጬ ወሰድኩ፤ የቀረውን አንድም ቀን ከፍቼው አላውቅም። ትናንት ከፈትኩት።

አራት ደቂቃ ነው። ቆይ፣ ስማኝ ብለሽ ትጀምሪያለሽ። ሽማግሌ ቤታችሁ መምጣቱን፣ አባትሽ እስከ ጁምዓ ቀጠሮ መስጠታቸውን ትነግሪኛለሽ። አጎቴን ዛሬውኑ ብልክ አባትሽ እሺ እንደሚሉ እናትሽ ተናግረዋል ትያለሽ። ሁለት ጊዜ ደግመሽ ነገርሽኝ። ምን ትላለህ አልሽኝ። ከዚያ የኔ ድምፅ ይመጣል። ደስ ብሎታል። በጣም ጥሩ ነው፣ አሁን መጀመሪያ ላይ ያልሻትን «ቆይ» ብቻ እንደገና በያት ይልሻል።

የጀማሉ ደንበኞች ከውጭ ሲነጋገሩ ለረጅም ጊዜ ይሰማል። ከዚያ «ቆይ» አልሽልኝ። ቀጥሎ ያለው የበሩ ድምፅ ነው።

ዘፈኑ ውስጥ የገባችው ሁለተኛዋ ናት። የመጀመሪያዋን አልመረጥኳትም፤ ሁለተኛዋ መጨረሻዋ ላይ ትንሽ ትንቀጠቀጣለች። ሰዉም የወደደው ያንን ነው። አንድ የጉብሬ ተማሪ በምን ማሽን እንዲህ እንዳደረግኳት ጠይቆኝ፣ ሚስጥር ነው ብዬ ኮርቼበት ነበር።

ያለ አንድ ቃል ሄደች እያልኩ ያማሁሽን ሁሉ አፉ በይኝ። ሌላውን አፉ በይኝ ለማለት አፍ የለኝም።

ድምፅሽን ከሜሞሪዋም ከኮምፒውተሩም አጥፍቻለሁ፣ ወላሂ አንዲት ትንፋሽ አላስቀረሁም። ከአራቱ ደቂቃ የቀረችው የኔዋ ናት፤ በጣም ጥሩ ነው፣ እንደገና በያት የምትለው። እሷን አላጠፋኋትም። ከእንግዲህ ሥራ ስጀምር መጀመሪያ የምከፍተው እሷን ነው።

ለዚህ ደብዳቤ መልስ አትላኪ። ለእናትሽና ለአባትሽ፣ ከማን እንደሆነ ሳትነግሪያቸው፣ ሰላምታዬን በልብሽ አድርሺልኝ። አላህ ትዳርሽን ያሳምርልሽ፣ በልጅ ይባርክሽ። ስትናገሪ እስከ መጨረሻው የሚሰማሽ ባል ያድርግልሽ።

ወንድምሽ