ጸጥ ያለ የአውሎ ነፋስ ወቅት ስለተነበዩልን የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ፌርዲናን ላቶር፣
የደሴታችን የአየር ትንበያና የአደጋ መከላከያ ቢሮ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በዋና ከተማው ላለው ባለ ኮንክሪት ጣሪያ ቢሮዎ ጤናና ደኅንነት እመኛለሁ። እኛ የላ ሮሽ መንደር ሰዎች፣ ማለትም የተረፍነው፣ ደኅና ነን።

የፊታችን ሰኞ የመጪውን የአውሎ ነፋስ ወቅት ትንበያ ሊያነቡልን እንደሚመጡ ሰምተናል። ርእሰ መምህርታችን ማዳም ኢፖሊት አበባ ሰጥቼ ምስጋና እንዳነብልዎ መርጠውኛል። ሰው ፊት ስቆም ድምፄ እንደሚጠፋ ብነግራቸው፣ «ሦስት መስመር እኮ ናት፣ አንቺ ልጅ! አትሞቺም» አሉኝ። ስለዚህ ምስጋናዬን ጽፌ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ከሦስት መስመር በመብለጡ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ባለፈው ዓመት «ወቅቱ ከመደበኛው በታች ነው፣ ተረጋግታችሁ ተኙ» ስላሉን አመሰግናለሁ። ትንበያዎ ትክክል ነበር። ከውቅያኖሱ የተነሡት አውሎ ነፋሶች ጥቂት ነበሩ፤ እኛን የመታን ደግሞ አንድ ብቻ ነው። በሬዲዮ «ቁጥሩን አልሳትንም» ሲሉ የሰማሁዎ አጎቴን ሲልቬርን ቀብረን ስንመለስ ነው።

ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤታችን የመንደሩ መጠለያ መሆኑን እያወቁ፣ የመስኮቶቹ መከላከያ ሳንቃዎች ተነቅለው ለዓሣ አጥማጆች በዓል መድረክ እንዲሆኑ ስላዘዙ አመሰግናለሁ። መድረኩ ያማረ ነበር። እርስዎም ከላዩ ተቀምጠው የተጠበሰ ዓሣ በካሳቫ ቂጣ ሲመገቡ አይቻለሁ። በማግስቱ ሳንቃዎቹ ለሌላ በዓል ወደ ከተማ ተጫኑ። አጎቴ ሳንቃዎቹ መቼ እንደሚመለሱ ቢጠይቅዎ፣ «ሲልቬር፣ አንተ እኮ ደመና ባየህ ቁጥር ጀልባህን የምትጎትት ሰው ነህ» አሉትና ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ።

ሦስተኛውን ምስጋና እየጻፍሁ ብዙ ጊዜ ቀድጄዋለሁ። በመስከረም ነፋሱ ሲመጣ ሁላችንም መጠለያ በሆነው የትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ ነበርን። ባሕሩ ድንጋይ ይወረውር ነበር። ከየቤቱ የተገነጠለው ቆርቆሮ እየበረረ የኮኮናት ዛፎችን አንገት ሲቀላ፣ የማዳም ኢፖሊትን ፍየል ለሁለት ሲከፍላት በባዶው መስኮት አየሁ። አጎቴ ጥቁር ሰሌዳውን ከግድግዳ ነቅሎ መስኮቱ ላይ ገጠመው፤ ጀርባውን ለሰሌዳው ሰጥቶ እግሮቹን ከዴስክ ጋር አስደገፈ። «እመቤት ነፋስ መደነስ ፈልጋለች፣ እኔ ልያዛት፣ እናንተ ዕረፉ!» ሲል ሕፃናቱ ሳቁ። ሳቃቸው ሳያበቃ አንድ ቆርቆሮ ሰሌዳውንም እሱንም በስቶ በደረቱ ወጣ። ደሙ ከጠመኔው ጋር ተለውሶ ፊቴ ላይ ተረጨ። እሱ እዚያው ሞተ፤ ሰሌዳው ግን አልወደቀም፤ ብረቱ ሁለቱን አንድ ላይ ሰፍቷቸው ነበርና። እስኪነጋ ድረስ ከነፋሱ የጋረደን እንዲህ ሆኖ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ዘንድሮም የአውሎ ነፋሶቹ ቁጥር ዝቅተኛ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እንኳን ደስ ያለዎ። እኛ ግን ስንት እንደሚነሡ ማወቅ አያስፈልገንም፤ ለአንድ መንደር አንዱ ይበቃል። መስኮቶቹ እስከ ዛሬ ባዶ ናቸው፤ መጠለያችንም ይኸው ክፍል ብቻ ነው፤ ታናናሽ ወንድሞቼም የሚጠለሉት እዚያው ነው። ሰኞ ሲመጡ የትንበያውን ወረቀት ረስተው ሳንቃዎቹን ብቻ ይዘው ቢመጡ፣ አበባውን በሁለት እጄ፣ ጎንበስ ብዬ እሰጥዎታለሁ።

በዝቅተኛ ቁጥርዎ ውስጥ ከተቆጠሩት አንዷ፣
አክባሪዎ ኡላሊ ዜፍሪን
ከላ ሮሽ ትምህርት ቤት፣ ከመስኮቱ አጠገብ ካለው ዴስክ

ማስታወሻ፦ ሳንቃዎቹ ከጠፉ አይጨነቁ። ነፋሱ የመጣ ቀን እርስዎ ራስዎ ቢመጡልን ይበቃል። የአጎቴ ቦታ ክፍት ነው፤ የእርስዎም ጀርባ ከእሱ ይሰፋል።