የቀትር ጤዛ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ሐይቁ ዳር ደረስን። ሦስተኛው ማረፊያችን ነው። ክፍሉ ንጹሕ፣ ፍራሹ ከእኔ ያረጀ። የእህቴ ባል ሻንጣውን ሳይፈታ ካሜራውን አንግቶ ወጣ። እኔ ሥራዬ ክፍል ውስጥ ነው። እሱ ያነሳል፣ እኔ እጽፋለሁ... በየፎቶው ሥር ሁለት ሦስት መስመር፣ መጀመሪያው ላይ መግቢያ። መጽሐፉ የሁለታችንንም ስም ይዞ ይወጣል። እህቴ ስትሸኘን፣ "ሁለታችሁን አንድ መኪና ውስጥ ከትቼ እንቅልፍ የሚወስደኝ መሰላችሁ?" ብላ ነበር።

መግቢያውን ጨረስኩ። "በዚህ መጽሐፍ ያሉት ወፎችና በራሪ ነፍሳት በሙሉ የተነሱት በገዛ ቦታቸው፣ የሰው እጅ ሳይነካቸው ነው።" ደስ ትላለች። አርብ ለአሳታሚው ትላካለች።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

የዛሬዎቹን ፎቶዎች አየሁ። ወፎቹ እንደ ወትሮው... ጅራት፣ ጅራት፣ ባዶ ቅርንጫፍ፣ ግማሽ ክንፍ። ዓሣ አጥማጇ ወፍ ሰማያዊ ጭረት ሆና አልፋለች። ነፍሳቱ ግን ለመታወቂያ ፎቶ የተቀመጡ ይመስላሉ። አንዲት የውሃ ተርብ፣ ያቺ ቀጭን ረጅም በራሪ፣ አራት ክንፏን ዘርግታ፣ ዓይኗን ሌንሱ ላይ ተክላ...

"ወፎቹን ምን ብታደርጋቸው ነው እንዲህ የሚሸሹህ?"

"ወፍ ሰው ይንቃል፣ ጋሼ።"

"ተርብስ?"

"ተርብ ታከብረኛለች።"

ሳቅን። እኔ ቀደም ብዬ አቆምኩ። ክንፏ ላይ ጤዛ አለ። ጥላዋ ደግሞ እግሯ ሥር ተሰብስቧል፤ ፀሐይ አናት ላይ ናት ማለት ነው። በቀትር ጤዛ?

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ዘንቦ ይሆን? አልዘነበም። ውሃ ረጭቶባት ይሆናል። ተረጭታ ዝም ብላ ቆመችለት? እኔን እንኳ ውሃ ቢረጩኝ እነሳለሁ... ስንፍናዬን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ምሳ ላይ የማረፊያው ባለቤት፣ ሁሉም እቴቴ የሚላቸው አሮጊት፣ ጠጋ አሉኝ።

"ልጄ፣ የአማችህ መድኃኒት እስከ መቼ ነው ፍሪጄ ውስጥ የሚከርመው?"

"የምን መድኃኒት?"

"ስኳር አለብኝ ብሎኝ። ቅቤው ጎን ደርድሮታል።"

ስኳር? ይህ ሰው ሻዩን ሽሮፕ አድርጎ ነው የሚጠጣው።

ፍሪጁን ከፈትኩ። ቅቤው ጎን ሁለት ብልቃጥ፣ ክዳናቸው በመርፌ የተበሳ። አንዱ ውስጥ ቢራቢሮ፣ አንዱ ውስጥ የውሃ ተርብ። ብልቃጡን ነካ አደረግሁት። አንድ እግር ቀስ ብላ ተንቀሳቀሰች፣ ያለ ሰዓቱ እንደቀሰቀሱት ሰው።

"ምንድን ነው?" አሉኝ ከኋላዬ።

"መድኃኒት ነው፣ እቴቴ።"

ለምን ዋሸሁለት? ዘመድ መሆን መጥፎ ነገር ነው።

ጥቅምት 7፣ አርብ

መግቢያውን አልላክሁም። ቁርስ ላይ አማቼን ጠየቅሁት። አልካደም... ቢክድ ይሻለኝ ነበር።

"ብርድ ሲነካቸው ይደነዝዛሉ። እንጨት ላይ አስቀምጬ አነሳቸዋለሁ፣ ሲሞቃቸው ይበራሉ። ማን ሞተ?"

"ጤዛውስ?"

"ከፍሪጅ ሲወጡ ራሱ ይመጣል። አንተ ራስህ አድንቀኸው የለ እንዴ?"

አድንቄያለሁ። ከአንዱ ፎቶ ሥር "የንጋት ዕንቁ" ብዬ። ይቅር ይበለኝ።

"የሰው እጅ አልነካቸውም ብዬ የጻፍኩት በስሜ ነው" አልኩት።

"ከየት አውቀህ ጻፍክ? ጫማህን አንድ ቀን ጭቃ ነክቶት ያውቃል? አልጋ ላይ ተጋድመህ ነው የመሰከርከው፣ ጋሼ።"

ዳቦዬን ማርማላታ ቀባሁ። ተቀብቶ ነበር ለካ።

ተስማማን። ፍሪጅ ገብተው የተነሱትን በሙሉ ከመጽሐፉ ያወጣል። ከእንግዲህ ሜዳ ላይ ያገኘውን ብቻ። "ታምነኛለህ?" አለኝ። "መግቢያው ለሰኞ ይደር" አልኩት።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

አንድ ፎቶ ይዞ መጣ። ግሩም። የውሃ ተርብ አየር ላይ፣ እግሯን አጣጥፋ።

"ሜዳ ላይ ነው" አለ፣ ሳልጠይቀው። ሳልጠይቀው ለምን?

አጉልቼ ጤዛ ፈለግሁ። የለም። ጠርጎላት ይሆን? ሹልክ ብዬ ፍሪጁን ከፈትኩ። ቅቤ ብቻ።

"አንተም ታመምክ?" አሉ እቴቴ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

አብሬው ወጣሁ። ጭቃው ጫማዬን አንድ ጊዜ ወሰደብኝ፣ እሱ ጎትቶ አወጣልኝ። ሸምበቆው መሃል ጎን ለጎን ተቀመጥን። የግራ ኪሱ አብጧል።

"ምንድን ነው?"

"መሐረብ።" አውጥቶ አሳየኝ። መሐረብ ነው። የቀኙስ?

ትንኝ በላን... ትንኝስ በላችን ማለት ይሻላል። ቀኝ እጁ ካሜራው ላይ፣ ግራው ከሌንሱ ሥር። ዓይኔን አልነቀልኩም። ድንገት ካሜራው ተንጣጣ፤ ከዚያ ጸጥ አለ።

"አየሃት? ዓሣ አጥማጇ፣ ጋሼ... ተርቧን ከአየር ላይ ቀለበቻት። እዚሁ፣ አፍንጫችን ሥር። አየሃት አይደል?"

ፊቱ እንደ ሕፃን በርቷል። ፎቶውን አሳየኝ። ሰማያዊዋ ወፍ ሙሉዋን፣ ጅራት ብቻ ሳትሆን፣ ተርቧ አፏ ውስጥ... ይህን ሰው ካወቅሁት ጀምሮ ከዚህ የበለጠ አላነሳም።

"አላየኋትም" አልኩት። "እጅህን ነበር የማየው።"

መሐረቡን አውጥቶ ሌንሱን ደጋግሞ ጠረገ። ወደ ማረፊያው ስንመለስ ከፊት ከፊት ሄደ።

መግቢያው ላይ ያቺን ዓረፍተ ነገር ሰረዝኳት። ከዛሬው ፎቶ ሥር ግን መስመር ቀረኝ። ስለ ወፏ ምን ልጻፍ? እንዴት እንደመጣች፣ ከየት እንደወረደች አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ጻፍኩት።

"የሰው እጅ አልነካትም።"

ለዚህ እምላለሁ።