የልጄን ክረምት ለደለደለው ቅሬ

ለተከበሩ ሼህ ሀሚዱ
የሰፈራችን ቅሬ ዳኛ
አርዲቦ ዳር
ሐምሌ ፳፻፲፬ ዓ.ም.

ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤና እንዲሰጥዎ ፈጣሪን እለምናለሁ። የቅሬው አባላትም ቢቻል እስከ መስከረም አንዳችሁም ሳታስነጥሱ እንድትቆዩ ጸሎቴ ነው። ልጄ ፋሲካ የሕክምና ትምህርቷን ሁለተኛ ዓመት ጨርሳ ለዕረፍት ብትመጣ፣ በእርስዎ ሰብሳቢነት የሰፈሩ ሐኪም ሆና ተሹማለችና።

ስለ ሹመቷ ምስጋናዬ ብዙ ነው። ባለፈው እሑድ በቅሬው ድንኳን ተሰብስበን፣ ሰኞን ለእናቶች፣ ረቡዕን ለአዛውንት፣ ዓርብን ከጁምዓ መልስ ለቀረው ሕዝብ ስትደለድሉ፣ ልጅቷን እንጠይቃት ብሎ ጊዜ ያባከነ አለመኖሩ አስደንቆኛል። እውነቱን ለመናገር እኔም መሐላችሁ ተቀምጬ አጨብጭቤያለሁ፤ የሐኪም አባት መባል ደስ ይላል። ሆኖም ጥቂት ቅሬታ በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. ፋሲካ እስካሁን የመረመረችው ሬሳ ብቻ ነው፤ ሕያው ሰው ገና ወደፊት ነው ብላኛለች። ቅሬያችን እንደማንኛውም ዕድር ዋና ሥራው ቀብር ስለሆነ ይህ እንደ ጉድለት እንዳልታያችሁ ይገባኛል።

፪ኛ. ጤና ኬላው ከጦርነቱ ወዲህ አልጋም መርፌም የለውም። በሩን መልሳችሁ ስለገጠማችሁለት ግን እናመሰግናለን፤ አሁን ባዶነቱ ይቆለፋል።

፫ኛ. እትዬ ዋሲላ የወገባቸውን ራጅ ይዘው የመጡት ገና ሳይነጋ ነው። ጎረቤቴ ዝናው ደግሞ እግሩ ያበጠ በሬ እየነዳ መጥቶ ደጄ ላይ አቆመ። ልጅቷ ስለ በሬ አልተማርኩም ብትለው፣ ሐኪም ሐኪም ነው፣ እግርም እግር ነው ብሎ ረታት። በሬው ተሽሎታል፤ ይህን በመናገሬ ሌሎች ከብቶች እንዳይከተሉ እሰጋለሁ።

፬ኛ. ይችኛዋ ቅሬታ ቀልድ የላትም። እናቷ፣ ባለቤቴ ተሾመች፣ ያረፈችው ኅዳር ላይ፣ አገሩ ተይዞ ሰዉ ሁሉ በሸሸበት ጊዜ ነበር። እርስዎ ራስዎ ዶማ ይዘው ከሦስት ሰዎች ጋር ቀበሩልኝ፤ ውለታዎን እስክሞት አልረሳም። ፋሲካ ግን መንገድ ተዘግቶባት በስልክ ነው የተረዳችው። መንገዱ ሲከፈትም የባከነውን ትምህርት አካክሱ ተብለው ዕረፍት ተከለከሉ። ወደ እናቷ ቤት የገባችው ገና አሁን ነው። ከመጣች ጀምሮ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መደብ ላይ ትቀመጣለች፤ ልቅሶ የሚደርሳት ሰው ትጠብቅ ኖሯል። የሚመጣው ሁሉ ግን እጅጌውን እየሰበሰበ ነው የሚገባው። ነጠላዋን ልብ ያለው የለም። እኔም አላልኩትም፤ የእኔ እንባ ስላባራ የእሷም ያባራ መስሎኝ። ትናንት ከኪዳን ስመለስ ልብሷን ስታጣጥፍ አገኘኋት፤ ወደ ትምህርት ቤቴ ብመለስ ይሻላል አለችኝ።

በደንባችን ቀብር የቀረ ይቀጣል። ከስምንት ወር በኋላ ለመጣች ልጅ ልቅሶ ያልደረሰ ምን እንደሚደረግ ግን ደንቡ ዝም ብሏል።

እስከ ቅዳሜ እንድትቆይ ለምኜ እሺ አሰኝቻታለሁ። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ድንኳኑ ደጄ እንዲተከል፣ ሁላችሁም ያለ በሽታ እንድትመጡ እለምናለሁ። ከዚያ በኋላ ትቆይም ትሂድም፣ በክረምቷ ምን እንደምታደርግ እሷው ትነግረናለች። መተኛት ካማራትም ትተኛ።

ከወንበርዎ ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሣ፣
የሹመኛዋ አባት
አሻግሬ አምሳሉ

ሳልረሳ፦ ቅዳሜ «እግረ መንገዴን» ብሎ ምላሱን የሚያወጣ ለቀስተኛ ቢገኝ፣ የማየው እኔ ነኝ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ፣ የማዝለት መልሶ እንዲያስገባው ብቻ ነው።