መስተፋቅሩን ከፊልማችን ላስወጡት ሰብሳቢ

ለተከበሩ የፊልም ገምጋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ለአቶ ይሄይስ

ጤናዎ እንደ ሚዛን ተፈሪ ዝናብ የማይቋረጥ፣ ወንበርዎም የተደላደለ ይሁንልዎ እያልኩ፣ ለቲያትር ክበባችን አልባሳት የምሰፋው እኔ ከድጁ አሚኑ በአደባባይ እጅ እነሳለሁ።

ከልጅነታችን ጀምሮ በአዳራሹ ሲያስቀን የኖረው «የማሩ ጣጣ» ፊልም ሊሆን ነው ሲባል እልል ያልነው፣ ጽሑፉ በእርስዎ እጅ እንደሚያልፍ ስላላወቅን ነበር። በቲያትሩ አንዲት የጫካ መድኃኒተኛ ለአፍቃሪው ወጣት በማር የተበጠበጠ መስተፋቅር ትሰጠዋለች፤ የሚወዳት ልጅ ትጠጣዋለች ሲባል ቡና ነጋዴው አባቷ ጭልጥ ያደርጉትና በቡና ሚዛናቸው ፍቅር ይነደፋሉ። ከሸኮ እስከ ጌጫ በዚህ ያልሳቀ ሰው ቢኖር እርስዎ ብቻ ነዎት። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ መስተፋቅር «ጎጂ ልማድ ነው» ብለው አስወጥተው፣ ልጅቷ ወጣቱን የምትወደው የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና ከተካፈለች በኋላ እንዲሆን ስላዘዙልን እናመሰግናለን። እስካሁን ሰው በሥልጠና ላይ ሲወድ ያየነው ውሎ አበሉን ብቻ ነበር።

ሁለተኛ፣ ሚዛኑ ነጋዴዎችን ያስቀይማል በማለት አባትየው በምትኩ «ሥራቸውን እንዲያፈቅሩ» ስላደረጉ ምስጋናችን ይድረስዎ። እኔም ልብስ ሰፍቼ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ፤ ያስቀየመኝ ግን ሚዛኑ አይደለም።

ሦስተኛው ቀልድ አይደለም። እማማ በየነች መድኃኒተኛዋን ሆነው ሲጫወቱ ፀጉራቸው ሸበተ። አሁን ዓይናቸው እየደከመ ነው፤ «ጨርሶ ሳይጨልምብኝ ራሴን በፊልም ልየው» የሚል አንድ ምኞት ብቻ ነበራቸው። እርስዎ ግን «ጠንቋይ አናሳይም» ብለው አስወጧቸው። ለፊልሙ የሰፋሁላቸው ቀሚስ ሱቄ ውስጥ ተሰቅሏል። በየሳምንቱ እየመጡ በእጃቸው ዳብሰውት ይሄዳሉ። ሥልጠናውንም ሆነ ሥራ አፍቃሪውን ነጋዴ እንደፈቀዱ ያድርጉት፤ የእሳቸውን ቦታ ግን ዓይናቸው ሳይቀድመን ይመልሱላቸው።

ኮሚቴዎ ሳይፈቅድላት መሳቅ የለመደችው፣ ለሥልጣንዎ ረጅም ዕድሜ ለዕውቀትዎ ደግሞ ምሕረት የምትለምነው አክባሪዎ፣
ከድጁ አሚኑ፣ ከሚዛን ተፈሪ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ወር ልባቸው አልራራልዎ ላለ አንዲት ወይዘሮ እንዲሆንዎ፣ ሾፌርዎን ልከው ከእማማ በየነች መስተፋቅር አስወስደዋል። እሳቸው «ተዋናይ ነኝ እንጂ መድኃኒተኛ አይደለሁም» ብለው ቢምሉ አልታመኑም፤ ቢቸግራቸው ለመድረክ ከምንጠቀምበት ጠርሙስ ቀዱልዎ። ያ ብርዝ ነው። ወይዘሮዋ እስካሁን እምቢ ብለው ከሆነ፣ ሥልጠናውን ይሞክሩላቸው።