ጨፌው ላይ ዳግም ስለሚተከሉት ችካሎች

ለመንደር ምሥረታና ለአደጋ ሥጋት አጥኚ ኮሚቴ ሊቀመንበር
እጅግ ለተከበሩት ጓድ ማዘንጊያ

አካም ጂርቱ፣ ጓድ ሊቀመንበር? ቤተሰብዎ፣ ጂፕዎ፣ ጭቃ ነክቶት የማያውቀው ቦት ጫማዎ ሁሉ ደህና እንደሆኑ ተስፋዬ የጸና ነው። እኛም የተረፍነው ደህና ነን። በበጋው ከነቀምቴ ድረስ ደክመው መጥተው፣ መሬታችን ጎርፍ ያሰጋው እንደሆነ ከጂፕዎ ሳይወርዱ ስላጠኑልን አመሰግናለሁ።

አንደኛ፣ ከየኮረብታችን አውርደው ጨፌው ላይ በችካልና በሲባጎ ስላሰለፉን ምስጋናዬ ይድረስዎ። ሽማግሌያችን ኦቦ ጉሉማ፣ በክረምት ከብት የማይተኛበት መሬት ላይ ሰው አይተኛም ብለው ነበር። እርስዎ ግን ከብት የኮሚቴው አባል አለመሆኑን አስረድተው፣ ሜዳ ነውና ሥጋት የለበትም ሲሉ አጸደቁት። እውነትም ሜዳ ነው፤ ውሃውም ወዶታል።

ሁለተኛ፣ እርስዎ ምሳ ላይ ሳሉ ችካሎቹን ነቅዬ ዳገቱ ላይ ተክያቸው ነበር። ለቀልድ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠ ሰው ሌላ ምን ሥራ አለው? ችካሎቹን ወደ ጨፌው መልሰው፣ እኔን ፀረ አብዮት ነህ ብለው፣ ኮረብታው ላይ ባለው የገበሬ ማኅበሩ እስር ቤት እስከ ነሐሴው ጎርፍ ድረስ ስላኖሩኝ ውለታዎን አልረሳም። ጎርፉ የመጣ ለት ከመንደሩ ሰው እግሩ ያልራሰ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሦስተኛ፣ ያሳደገችኝ አክስቴ፣ አዳዳ በቀለች፣ እርስዎ በሰጧት ቦታ ተኝታ ነበር። በማግሥቱ ከታች ዋርካው ሥር አገኘናት። ሻሿ ከራሷ አልወለቀም። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

አሁን ደግሞ ኮሚቴዎ ችካሎቹን መልሶ እዚያው ሊተክል መሆኑን ሰምተናል፤ የአዳዳ ቦታም ለጎረቤታችን ለድርቤና ለልጆቿ ደርሷል አሉ። ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎ፣ ከመትከልዎ በፊት አንድ የክረምት ሌሊት እዚያው ተኝተው እንዲያጠኑልን ነው። አልጋ ከእኛ፤ ዝናቡ የሚበረታበትን ቀን ኦቦ ጉሉማ ይነግሩዎታል። ይህ የማይመችዎ ከሆነ፣ ችካሎቹን ዳገቱ ላይ ያድርጉልን፤ ጉድጓዶቹን እኔ ቆፍሬአቸዋለሁ፣ እስካሁን አልተደፈኑም።

«እናት ሀገር ወይም ሞት» ከሚለው ሁለተኛው አስቀድሞ ስለደረሰን፣ ከመጀመሪያው ደረቅ ደረቁን እንዲያካፍሉን እጅ እየነሳሁ፣

ታዛዥዎና የቀድሞ እስረኛዎ
ቀነዓ መገርሳ

ግልባጭ፦ በማኅበሩ በር ላይ ቆሞ ለሚያነብ ሁሉ

ሳልረሳው፦ በዚህኛው ጊዜ ችካሎቹን እኔ አልነካሁም፤ የነቀላቸው ውሃው ነው። ሊያስሩት ካሰቡ ወደ ደዴሳ ወንዝ ወርዷል። ግን አይድከሙ፣ በሚመጣው ክረምት በራሱ ጊዜ ይመለሳል፤ የድርቤን ቤት ያውቀዋል።