ሥራው ጨምሮ ነው ወይስ ሰዉ ቀንሶ?

መካነ ሰላም
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለሃሩን፣

አሰላሙ ዓለይኩም። የጅዳ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማዬ በዚህ ውርጭ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሌላው ጤና ነው። የደወልክ ለታ ቀኑን ሙሉ ፊቷ ይፈካል።

የምጽፍልህ እሷ እየሰማች በስልክ የማይወራ ነገር ስላለኝ ነው። ስለ አለምነው ነው። ለእናንተ ማኅበር የተሠራውን የብየዳ ሼድ ለእህቱ ልጅ ሰጥቶ፣ አንተን «ከመንግሥት አትጠብቅ፣ ሥራ ፍጠር» ብሎ ስላሰናበተህ የሥራ ዕድል ቢሮ ሹም። የዚያን ቀን ቤት ስትገባ የነበረው ፊትህ ከዓይኔ አልጠፋም። ቂሜን ይዤ ቆየሁ።

ባለፈው ሳምንት ከደሴ የዞን እንግዶች መጥተው ስብሰባ ተጠራ። አለምነው ከረባቱን አስሮ መድረክ ላይ ወጣና፣ «የከተማችን የሥራ አጥ ቁጥር በግማሽ ቀንሷል። ይህ የኢኮኖሚያችንን ማደግ ያሳያል» አለ። ተጨበጨበ። እጄን አወጣሁ።

«ሥራው ጨምሮ ነው ወይስ ሰዉ ቀንሶ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሥራ አጥ ተብሎ የሚቆጠረው እዚሁ ሆኖ ሥራ የሚፈልግ ነው። አገር ጥሎ የሄደ አይቆጠርም፤ ሰልችቶት መፈለግ የተወም አይቆጠርም። ታዲያ ቁጥሩ የወረደው ሥራ ስላገኘን ነው ወይስ ተስፋ ስለቆረጥን?»

«ልጄ፣ ስሜታዊ አትሁኚ። ተቀመጪ።»

አልተቀመጥኩም። ወደ ሕዝቡ ዞርኩና፣ «ልጁ ባሕር የተሻገረበት ሰው እስቲ ይነሳ!» አልኩ።

መጀመሪያ ጎረቤታችን ጋሽ ሀምዱ ዘንጋቸውን ተደግፈው ተነሱ። ከዚያ ከኋላ ያሉት እናቶች፣ ከዚያ አዳራሹ ሁሉ ተነሳ። በመጨረሻ ከፊት ወንበር፣ ከእንግዶቹ አጠገብ፣ የራሱ የአለምነው ሚስት እትዬ ሰብሌ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው ቆሙ። ልጃቸው ዓባይነህ፣ ያ ጓደኛህ፣ በምህንድስና ተመርቆ የአባቱ ሥልጣን እንኳ ሥራ ሳያስገኝለት ክረምት ላይ በበረሃው መንገድ ወደ ሳውዲ ወጥቷል። ሰውዬው ግን «አዲስ አበባ ሥራ ይዟል» እያለ ነበር የሚያወራው። እንግዶቹ እሳቸውን አዩ፤ ከዚያ እሱን አዩ።

ሃሩንዬ፣ አልዋሽህም፣ ጣፈጠኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ከሥልጣን ወንበሩ ግን አልተነሳም። ቁጥሩም እንዳለ ወደ ላይ ተላከ አሉ። እኔም በጊዜያዊነት ላስተምርበት የነበረው ቦታ «ሰው ተገኝቶለታል» ተባልኩ። የማን እጅ እንዳለበት አውቃለሁ።

«ቪዛ ልላክልሽ፣ ነይ» ያልከኝን አስቤበታለሁ። አልመጣም። እኔ ከሄድኩ አንድ ሥራ አጥ ቀነስኩለት ማለት ነው፤ ያንን ደስታ አልሰጠውም። በየጠዋቱ ቢሮው በር ላይ ቆሜ ሥራ እጠይቀዋለሁ። ሳይወድ በግዱ ይቁጠረኝ። አንዳንዴ ያንን የተውከውን ሰማያዊ ጃኬት ለብሼ ነው የምሄደው።

ትናንት ገበያ ላይ እትዬ ሰብሌ ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። «ወንድምሽ የዓባይነህን ወሬ ሰምቶ ይሆን? ምንም ይሁን ምን ንገሪኝ፣ እችለዋለሁ» አሉኝ። «እጠይቅልዎታለሁ» አልኳቸው። አንተ ግን ስሙን ባነሳሁብህ ቁጥር ወሬ ትቀይርብኛለህ። የምታውቀውን ጻፍልኝ። እጃቸውን ይዤ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ። ለአባትየው ግን አልተነፍስም። እሱ ልጄ ሥራ ይዟል ብሎ ይቁጠረው።

አላህ ካለህበት ይጠብቅህ፤ በእግርህ ሄደህ በእግርህ የምትመለስ ያድርግህ።

እህትህ ሁዳ