ቀኑ ሲያጥር የቀላው ቡናህ

ሽፌ ሆዴ፣

ከጥር ወዲህ አልተያየንም። ክረምቱ አለፈ፣ መስቀልም አለፈ፣ ይኸው ኅዳር ገባ። ጤናህን ብጠይቅህ ሰው ይስቅብኛል፤ ስለዚህ የራሴን ጉድ ልንገርህ። አንባቢዎቼም አብረው ይስሙ፤ ከእኔ ያልሰሙት ጉድ የለም።

ባለፈው ወር የግድግዳ ሰዓታችንን በነጠላ ጠቅልዬ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ሰዓት ሠሪ ወሰድኩት። ለምን መሰለህ? ከሥራ ገብቼ በሩን ስከፍት ቤቱ ጨለማ ይሆንብኛል፤ ቀና ብዬ ሳይ ደግሞ ሰዓቱ ገና አሥራ ሁለት ከሩብ ይላል። ክረምቱን ሙሉ በዚያ ሰዓት በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ያለ መብራት ምስር እለቅም ነበር። ታዲያ ሰዓቱ ወደኋላ ቀርቷል አልኩ። ስልኬ ያንኑ ሲያሳየኝ እሱንም አላመንኩትም። ሰዓት ሠሪው ከፈተው፣ እፍ አለበት፣ ጆሮው ላይ አስጠጋው፣ ከዚያ ቀና ብሎ፣ "እትዬ፣ ሰዓቱ ደህና ነው። ቶሎ የመሸው ሰማዩ ነው፤ እሱን ደግሞ እኔ አልጠግንም" አለኝ። ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። አንዱ የባጃጅ ሹፌርማ፣ "ለሰማዩ ሐዋሳ ይሞክሩ፣ እዚያ መለዋወጫ አይጠፋም" ብሎኝ እርፍ። ነጠላዬን ተከናንቤ ወጣሁ።

በዚህ ዕድሜዬ ቀን እንደሚያጥር ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ግን ሁልጊዜ የምትነግረኝ አንተ ነበርክ። መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ገደማ እጅህን ወደኋላ አጣምረህ በረንዳው ላይ ትቆምና፣ ሬዲዮ እንኳ ያልሰማውን ወሬ እንደምታወራ ሁሉ፣ "መሸብን እኮ፣ እታለም" ትለኛለህ። በነጋታው ከትምህርት ቤት ስትመለስ ለበረንዳው አምፖል ገዝተህ ትገባለህ። በቃ፣ የእኔ በጋ የሚገባው እንዲያ ነበር። ዘንድሮ ማንም አልነገረኝም።

የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ልጃችን ቤቴል ሐዋሳ ሥራ ይዛለች፤ ልክ ሊመሽ ሲል ትደውልና፣ "እማ፣ መብራት አበራሽ?" ትለኛለች። አበራሁ እላታለሁ፤ አንዳንዴ እውነቴን ነው። ጎረቤታችን አስካለ አጥሯን በቆርቆሮ ስታድስ ወደኛ ግቢ ገፋ አድርጋ ነበር፤ ተኮራረፍን፣ ከዚያ ጎመን ይዛ መጣችና ታረቅን፤ አጥሩ ግን እዚያው ነው። አቮካዶው እንደ ዘንድሮ አፍርቶ አያውቅም። ጣሪያው ላይ ዱብ ባለ ቁጥር፣ "ማነው?" እላለሁ። አቮካዶ መሆኑን እያወቅሁ እላለሁ።

ደክሞኛል፣ ሽፌ። ቀኑን ደህና እውላለሁ። ከሰው ጋር ስስቅ፣ የሰው ወሬ ስለቅም፣ ስጽፍ እውላለሁ። ፀሐይዋ ከኮረብታው ጀርባ ስትገባ ግን ጉልበቴን ይዛብኝ ትሄዳለች። መጋረጃውን እዘጋና እራት ሳልበላ ከዶሮዎቹ ጋር እተኛለሁ። ክረምቱን እንዲህ አልነበርኩም፤ ቀኑ ረጅም ስለነበር ምሽቱ ሲመጣ እንቅልፌም አብሮ ይመጣ ነበር።

በዚህ መሀል ወንድምህ ዘለቀ ከአገርህ ከኮንጋ ደወለ። ለአንባቢዎቼ ላስረዳቸው፦ ከእናትህ ቤት ጀርባ፣ ከእንሰቱ ወዲያ፣ አባትህ ስንጋባ ለይተው የሰጡህ ቡና አለ። በእናንተ ቤት ደንብ ደግሞ ቡናው ሲቀላ የመጀመሪያውን እፍኝ የሚለቅመው ባለቤቱ ነው፤ እሱ ሳይጀምር ሌላ እጅ አይነካውም። አንተ ዲላ እያስተማርክ ስትኖርም ደንቡን አልሰበርክም፤ የለቀማ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ማለዳ ተነስተህ ትሄዳለህ፣ ጣትህ ጠቁሮ፣ ሸሚዝህ ቡና ቡና እያለ ትመለሳለህ። እኔ እንድከተልህ አትጠይቀኝም፣ እኔም አልጠይቅም።

ዘለቀ ያለኝ ይህን ነው፦ "እትዬ፣ የወንድሜ ቡና ቀልቷል፤ እንዲያውም መጥቆር ጀምሯል። እማማን እንልቀመው ብላቸው፣ ሚስቱ መጥታ ትጀምረው አሉ። ሰው አላስነካ ብለዋል።"

ጉንፋን ይዞኛል አልኩት። በሳምንቱ ሲደውል የማስረክበው ጽሑፍ አለብኝ አልኩ። ቀጥሎ ዝናብ ይመጣል አልኩት፤ እንደምታውቀው እዚህ መስከረም ጠባ ብሎ ዝናቡ አይተወንም። ዘለቀ ግን ያንተ ወንድም ነው፤ "ዝናቡማ እዚሁ ነው የሚዘንበው፣ ስትመጪ ታገኚዋለሽ" አለኝ። አስካለም ነገሩን በአጥሩ በኩል ሰምታ ኖሮ፣ "አንቺ፣ የበሰለ ቡና ሰው ይጠብቃል እንዴ? መሬት ላይ ሲረግፍ ያዩት እንደሆነ፣ ባሏ ሲሞት ዘመድነቷም ሞተ ነው የሚሉሽ" ብላ ወጋችኝ። አስካለን ታውቃታለህ፤ ስትሳሳት ትጮኻለች፣ ልክ ስትሆን ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። ያን ቀን ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር።

ካልሄድኩ የዚያ ቤት ሰው መሆኔ ያበቃል። ከሄድኩ ደግሞ አንተ የሌለህበትን ግቢ በዓይኔ ላየው ነው። ሳስብ ሰነበትኩና አንድ ዘዴ መጣልኝ፦ አንድ ቅዳሜ እሄዳለሁ፣ ቡናውን በአንድ ቀን ሙልጭ አድርጌ እለቅማለሁ፣ እናትህን ስሜ እሰናበታለሁ። ከዚያ በኋላ ማንም አይጠብቀኝም፣ እኔም ማንንም አላስጠብቅ።

ባለፈው ቅዳሜ ሄድኩ። ግን የክረምቱን ቀን በልቤ ይዤ ስለነበር ጊዜ አለ ብዬ አረፈድኩ። ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ ቆመ፤ ረዳቱ "አሁን እንሄዳለን" እያለ ሁለት ጊዜ ወርዶ ሻይ ጠጣ። ከአስፋልቱ በኋላ ሞተር ላይ ወጣሁ። አዎ፣ እኔ፣ ሞተር ላይ! የልጁን ወገብ አንቄ ይዤ፣ "ቀስ በል የኔ ልጅ" እያልኩ። ከቡና ማጠቢያው በታች ያ የገለባው ጎምዛዛ ሽታ ሲመጣ ሸሚዝህ ትዝ አለኝና ፊቴን ልጁ ጀርባ ላይ ደበቅሁ። ፈራች ብሎ ይሆናል፣ ቀስ አደረገልኝ።

እናትህ ከእንሰቱ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። አሁን ለቅሶ ይጀመራል ብዬ ራሴን ሳዘጋጅ፣ ብድግ ብለው ጉንጬን ሳሙኝና ቅርጫቱን ወገቤ ላይ አሰሩልኝ። "ቆየህብን። ጀምር" አሉኝ። አማርኛቸው ለወንድም ለሴትም አንድ እንደሆነ ታውቃለህ፤ አንተንም እኔንም በአንድ አፍ ነው የሚጠሩን። ያን ቀን ግን "ጀምር" ሲሉኝ ካጠገቤ የቆምክ መስሎኝ ዞር አልኩ።

የመጀመሪያውን እፍኝ ለቀምኩ። ዘለቀና ሚስቱ እሱን ሲጠብቁ ኖረው ወዲያው ወደ ሌሎቹ ዛፎች ገቡ። ፀሐይዋ ወደ ዛፎቹ አናት ዝቅ ብላለች። አልጨርስም ብዬ ደነገጥኩና ቅርንጫፉን ከላይ እስከ ታች በእጄ እያለብኩ ቀዩንም አረንጓዴውንም ቅርጫት ውስጥ ማራገፍ ያዝኩ። እናትህ መጥተው የእጄን አንጓ ያዙኝ።

"ምን ያሯሩጥሃል? ቀይ ቀዩን ብቻ። አረንጓዴው ገና ነው።"

"ልጨርሰው ብዬ ነው፣ እማማ" አልኳቸው።

"ቡና በአንድ ቀን የሚያልቀው የት አገር ነው?"

ዘለቀ ከወዲያ ሆኖ፣ "ይተዉአት እማማ፣ የዲላ ሰው ቡና የሚያውቀው በስኒ ነው" ብሎ ሳቀብኝ። እናትህ ግን አልሳቁም። ዓይኔን ትክ ብለው አዩኝ፤ ሐሳቤን ያገኙት ይመስለኛል። ቅርጫቴን ፈተው መሬት ላይ ተቀመጡና አረንጓዴውን አንድ በአንድ እየለዩ አወጡ። ቀና ሳይሉ፣ "ይሄ ሲቀላ የሌላ ቅዳሜ ነበር። ተቀጠፈ። ዛፉ ላይ ያለው ግን አለ፤ ከሱም በኋላ ሌላ አለ። እስከ ጥር ትመጣለህ" አሉኝ።

ልሰናበታቸው ሄጄ ቀጠሮ ሰጡኝ፣ ሽፌ። ቅርጫቱን መልሼ ወገቤ ላይ አሰርኩ። አንድ ዛፍ በወጉ ሳልጨርስ ጨለመ። መኪና አጣለሁ ብዬ ጫማዬን ስፈልግ እናትህ፣ "ቀን ሲያጥር ጥሩ ነው፣ ሰው ቶሎ ቤቱ ይገባል" ብለው እጄን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡኝ። ቤቱ ያሉት የሳቸውን ይሁን የእኔን አልጠየቅኩም። ቆጮ በጎመን በላን። እራት ከበላሁ ስንት ጊዜዬ እንደሆነ ትዝ ያለኝ ሁለተኛ ስቆርስ ነው። ስላንተ ብዙም አላወራንም። አንዴ ብቻ፣ "እሱም ልጅ ሆኖ ጥሬውን ይቀጥፍ ነበር" አሉኝ። ከዚያ ተኛን፤ እኔም እስኪነጋ ተኛሁ።

አሁን ተሽሎኛል ብልህ ውሸት ነው። ይህን ስጽፍም ደክሞኛል፤ ወገቤ ከቅዳሜ ወዲህ አልተቃናም። ምሽት ላይ ግን መጋረጃ መዝጋቱን ትቻለሁ። በረንዳው ላይ ጋቢ ደርቤ እቀመጥና ከኮረብታው ጀምሮ እስከ አስካለ ቆርቆሮ ድረስ ሲጨልም አያለሁ። ቶሎ ይጨልማል። ይጨልም። የሚመጣው ቅዳሜ እንደሆነ ማለዳ ነው የምነሳው፤ ሚኒባሱ እንኳ ሻይ ቢያምረው እቀድመዋለሁ።

እንዳልረሳህ ቃል ልግባልህ ብል እናትህ ቀድመውኛል፤ እስከ ጥር ድረስ የምረሳበት ቅዳሜ አልተዉልኝም። ከጥር በኋላ ያለውን ግን እኔው በራሴ ቃል እገባልሃለሁ።

ከእንሰቱ ጥግ ያለችው ዛፍህ ገና አንድም ቀይ አላሳየችም። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው እናትህ፣ "እሱ ሁልጊዜ የመጨረሻ ነው፤ እንደ ባለቤቱ አርፋጅ" አሉኝ። እስቲ ሠርጋችን ላይ ያስጠበቅከኝን አስበው! ስቄ ስቄ ዓይኔን በነጠላ ጠረግሁ። እሷን ዛፍ ማንም አይነካትም፣ እኔም አልቸኩላትም። የቀላች ለት ግን ከማንም ቀድሜ ለአንተ እጽፋለሁ።

ያንተው እታለም